በራጅ ጨረር ብራናን ሳይጎዱ ስለ መመርመር

ተፍቆ ሌላ ጽሕፈት የተጻፈበትን ብራና ለማንበብ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ አንዳንድ ሊቃውንት ገጹን በኬሚካል ያርሱት ነበር። የደበዘዘው ፊደል ለጊዜው ይደምቃል፤ ቆይቶ ግን ብራናው ይጠቁርና ቀድሞ ይነበብ የነበረው እንኳ ይጠፋል። ሳይጎዱ መመርመር የሚባለው ዘዴ የተፈለገውም ስለዚህ ነው።

ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያገኘው ጨረር የነገርን ውስጥ ያሳያል። ይሁን እንጂ የተለመደው የራጅ ሥዕል ጥላ ነው፤ ወፍራም ብረትና ስስ እርሳስ አንድ ዓይነት ጥላ ሊጥሉ ይችላሉ። ስፔክትራል የሚባለው ምርመራ ከዚህ የሚለየው የጨረሩን ኃይል በየመጠኑ ስለሚለይ ነው። ጨረሩ ከአቶም ውስጠኛ ክፍል አንድ ኤሌክትሮን ሲያስወጣ፣ ከውጭ በኩል ያለው ሌላ ኤሌክትሮን ቦታውን ይይዛል፤ በዚያን ጊዜ አቶሙ የራሱን ጨረር ይሰጣል። የዚህም ጨረር ኃይል ለካልሲየም 3.7፣ ለብረት 6.4፣ ለወርቅ 9.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። እንግዲህ ገጹ ነጥብ በነጥብ ቢለካ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ካርታ ይገኛል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ10ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተገለበጠው የአርኪሜዲስ መጽሐፍ ነው። ብራናው ተፍቆና ታጥፎ በ1229 የጸሎት መጽሐፍ ተጻፈበት። ዴንማርካዊው ዮሐን ሉድቪግ ሃይበርግ በ1906 በቁስጥንጥንያ ብዙውን ክፍል አነበበ። ከዚያ በኋላ አንድ አታላይ በአራት ገጾች ላይ የወንጌላውያንን ሥዕል በወርቅ ሣለባቸው፤ የተጠቀመበት አረንጓዴ ቀለም ከ1938 በፊት ለገበያ ያልዋለ በመሆኑ ሥዕሉ ጥንታዊ አለመሆኑ ታወቀ። በልዩ ልዩ ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን ሥዕል አልፎ ሊያይ አልቻለም። ከ2005 ጀምሮ ግን በአሜሪካ በስታንፎርድ የሚገኘው የሲንክሮትሮን ጨረር በብራናው ውስጥ የቀረውን የቀለም ብረት ከወርቁ በታች አሳየ። ጨረሩ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ብራናውን እንዳይጎዳ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሚሊሴኮንድ ብቻ ነበር፤ አለመንካት ብቻውን አለመጉዳት አይደለምና። ችግሩም በዚህ አላበቃም። የጸሎቱም ቀለም ብረት አለበት፤ የገጹ ፊትና ጀርባም በአንድነት ይታያል። ስለዚህ አንባቢው የአራት ጽሕፈት መስመሮችን ከአንድ ሥዕል መለየት ነበረበት።

ከዚህ ተነሥቶ መሣሪያው የትኛውንም ብራና ያነባል ማለት ግን ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ ጸሐፍት ዘንድ ጥቁሩ ቀለም በብዛት የሚዘጋጀው ከጥላሸት ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ የካርቦን ጨረር 0.28 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ በመሆኑ በአየር ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ብራናውም ራሱ ካርቦን የሞላበት ነው። ሜርኩሪ ያለበት ቀይ ቀለም ካለ በካርታው ላይ ጎልቶ ሲወጣ፣ ዋናው ጽሕፈት ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በእንዲህ ያለው መጽሐፍ ላይ ከራጅ ይልቅ የሚረዳው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ በእርሱ ሥር የብረት ቀለም ሲደበዝዝ የጥላሸት ቀለም ጥቁር እንደ ሆነ ይቆያል።