መንጠቆው ሲበየድ ልጆቹ የት ናቸው?

ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ እህሉንና ብሎኬቱን ማመላለስ ሲያስብ «ተሳቢ በኖረኝ» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ከመኪናው ኋላ የሚገጠመውን መንጠቆ ለማሠራት ግን አንዳንዱ በያጁን ወደ ቤቱ ይጠራል፤ ያን ዕለት ግቢው ጋራዥ ይሆናል። የሰፈሩ ልጅም ይሰበሰባል።

የብየዳ ብርሃን እንደ ምድጃ እሳት አይደለም። በውስጡ ያለው የማይታይ ጨረር የዓይንን ስስ የላይኛ ሽፋን ያቃጥላል፤ ሕመሙ ግን ወዲያው አይሰማም። ልጁ ሲያይ ውሎ ራቱን በልቶ ይተኛል። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ» እያለ ይነሣል፤ እንባው ይወርዳል፣ መብራት ማየት አይችልም። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆች በሌሊት ታዝለው ይመጡ ነበር፤ ዓይናቸው ላይ የጡት ወተት ወይም የተጨመቀ ቅጠል የተደረገባቸውም ነበሩ። እማማዬ፣ በፍቅር እንደምታደርጉት አውቃለሁ፤ ግን ተዉት። ልጁን ጨለም ባለ ክፍል አስተኙት። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ በተከደነው ዓይኑ ላይ አድርጉለት፤ እንዳያሸው ጠብቁት፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አብዛኛው በ1 ወይም በ2 ቀን ይድናል። ማደንዘዣ ጠብታ ከጎረቤት አትዋሱ፤ ሕመሙን ደብቆ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። ብረት ሲቆረጥ የተፈናጠረ ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ግን አታሳድሩት፣ በዚያው ሌሊት ይሂድ። የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይበቃም፤ ልጆቹን ጎረቤት መላክ ይሻላል።

ሌላው ክሪክ ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ዋልካ አፈራችን ከዘነበበት ክሪኩን ቀስ እያለ ይውጠዋል። ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍ፣ መኪናው በጠንካራ መቆሚያ ብረት ይደገፍ፣ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች በድንጋይ ይታገቱ። የባትሪው ገመድ ሳይነቀልና የነዳጁ ጋን የት እንዳለ ሳይታይም ብየዳ አይጀመር።

መንጠቆው ፓራውልት ላይ የሚበየድ ከሆነ አትቀበሉ። ፓራውልት ጭነት ሊስብ አልተሠራም። መንጠቆው ሻንሲው ላይ፣ ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ፣ በወፍራም ቡሎን መታሰር አለበት፤ ሻንሲን መበየድ ብረቱን ሊያዳክመው ይችላል። መንገድ ከጀመራችሁ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አስጠብቁ። የመንጠቆው ኳስና የተሳቢው አፍ ልካቸው አንድ መሆን አለበት፤ አፉ ከሰፋ ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ሰንሰለት ከሥሩ ተጠላልፎ ይታሰር።

ጭነቱን ከኋላ አታብዙ። 10 ኩንታል የሚመዝን ተሳቢ ከነጭነቱ መንጠቆው ላይ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ያህል ቢያሳርፍ ጥሩ ነው፤ ከዚህ ብዙ ካነሰ ተሳቢው እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ ለሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ግዴታ ነው። እኛ ደግሞ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የምንወርድ ሰዎች ነን። ፍሬን የሌለው ከባድ ተሳቢ ይዞ ወደዚያ የሚወርድ ልጅ ካላችሁ፣ ቁልፉን ብትደብቁበት አልፈርድባችሁም።

ተሳቢውን መኪናው ላይ ስታያይዙ በሁለቱ መካከል ልጅ አይቁም፤ እጅ የሚቀጠቀጠው እዚያ ነው። ልጆች ግቢ ውስጥም ቢሆን በማያያዣው ብረት ላይ እንዳይንጠለጠሉ፣ ወይም በጭነቱ ላይ ተቀምጠው እንዳይሄዱ። ከወደቁ ከኋላ የሚመጣው የተሳቢው ጎማ ነው፤ ሾፌሩም በመስታወት አያያቸውም።