ያውቁ ኖሯል? ሾፒፋይ ከስፖርት ዕቃ መሸጫ ተነስቷል
የኦንላይን ሱቅ መገንቢያው ሾፒፋይ መነሻው የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቶቢያስ ሉትኬ እና ስኮት ሌክ በካናዳ ኦታዋ «ስኖውዴቪል» የተባለ የኦንላይን ሱቅ ከፈቱ። በወቅቱ የነበሩት ሶፍትዌሮች አላረኳቸውም፤ ፕሮግራመሩ ሉትኬ ሩቢ ኦን ሬይልስ በተባለ የፕሮግራሚንግ ማዕቀፍ የራሱን ሠራ። ከሰሌዳው ይልቅ ሶፍትዌሩ ተፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ በ2006 ሾፒፋይ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ነጋዴው በየወሩ እየከፈለ የዕቃውን ፎቶና ዋጋ ይጭናል፤ ሰርቨሩንና የሶፍትዌሩን ጥገና ኩባንያው ይይዛል። በ2011 የወጣው ሌላው የኦንላይን ሱቅ መገንቢያ ዉኮሜርስ ግን የተለየ መንገድ መረጠ። ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መገንቢያ ላይ በነጻ ይጫናል፤ ሆስቲንጉን መግዛትና ድረ ገጹን መጠበቅ ግን የነጋዴው ኃላፊነት ነው። ሾፒፋይ ድካምን ይቀንሳል፤ ዉኮሜርስ ሙሉ ቁጥጥር ይሰጣል።