«እግሬ እኔን አይሰማኝም»

ታክሲው መገናኛ ላይ ገና ሳይቆም ረዳቱ ዘለለ። ያረፈው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነበርና ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አልወደቀም፤ በሩን ጨብጦ ትንሽ አነከሰና «ቦሌ፣ ቦሌ» ማለቱን ቀጠለ። ስንንቀሳቀስ ቁርጭምጭሚቱ ካልሲውን ወጥሮት አየሁ።

«ፋዘር፣ ዘንድሮ እንኳ አራተኛዬ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ወለም ያለኝ ኳስ ስጫወት ነው። የሰፈራችን ወጌሻ አሹኝ፣ በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። እብጠቱም ጠፋ፣ ሕመሙም ጠፋ። ግን እግሬ እኔን አይሰማኝም። ደልዳላ አስፋልት ላይ ሁሉ ይከዳኛል።»

ቃሉ ሳምንታት አብሮኝ ከረመ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስንል የእግሩማ ታሽቶ ያልቅለታል ማለታችን ነው። ያልቅለታል ወይ?

ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በቁርጭምጭሚቱ ውጭ በኩል ያለው ጅማት ነው። ጅማት አጥንትን ከአጥንት ከማሰሩም በላይ ወሬ አቀባይ ነው፤ ውስጡ ያሉት ነርቮች መገጣጠሚያው ወዴት እንዳዘመመ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ማይክል ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ወለም ያላቸውን ሰዎች በአንድ እግር አቆሟቸው። በተጎዳው እግር ሲቆሙ ይወላገዱ ነበር። ፍሪማን «ከጅማቱ ጋር ነርቩም ተበጥሶ ነው» አለ፤ በሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ ማለማመድ እንደሚረዳም አሳየ። ሐሳቡ ያለ ክርክር አልዘለቀም። ኋላ ላይ ቁርጭምጭሚቱን በመርፌ አደንዝዘው የሞከሩ ተመራማሪዎች የሰዎቹ ሚዛን ብዙም እንዳልተናጋ አይተዋል። ስለዚህ ጣጣው ከጅማቱ አልፎ ጡንቻውን የሚያዘው አንጎል ድረስ ሳይዘልቅ አይቀርም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ድንገት በሚከዳ ወለል ላይ የሚደረገው ሙከራ ነው። ሰውየውን ያቆሙታል፣ ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል ኤሌክትሮድ ይለጥፉበታል፣ ከዚያ ሳያስበው ወለሉ ያዘነብላል። እግርን ወደ ውጭ የሚጎትተው ጡንቻ የሚነቃው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ይህም ፍጥነት ግን አይበቃም፤ ጡንቻው ነቅቶ ጉልበት እስኪያወጣ ቁርጭምጭሚቱ ታጥፎ አልቋል። ጤነኛ እግር የሚተርፈው መሬት ከመንካቱ በፊት ጡንቻውን ስለሚያዘጋጅ ነው። ደጋግሞ ወለም በሚላቸው ሰዎች ላይ፣ ከዝላይ ሊያርፉ ሲሉ፣ ይኸው ጡንቻ ሰንፎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ቡሎክ-ሳክስተን ክፉኛ ወለም ብሏቸው በነበሩ ሰዎች የመቀመጫ ጡንቻ ዘግይቶ እንደሚነሳ አሳየች። ቁርጭምጭሚት ተጎድቶ መቀመጫ!

ይህን ይዤ አንድ የጤና ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። ወለም ብሎት ጤና ጣቢያ ለሚመጣ ሰው ከፋሻና ከማስታገሻ ሌላ ምን ይደረግለታል? «ስብሰባ አለብኝ» አሉኝ። በሌላ ቀን ተመለስኩ፤ ያን ቀንም ስብሰባ ነበራቸው።

መዘዙ ቀላል አይደለም። ደብሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለም ብሏቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ ሰዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 40 በመቶው እግራቸው እንደከዳቸው መቅረቱን ጽፏል። ለአንዳንዶች በስተርጅና የመገጣጠሚያ ሕመም ይከተላል።

ረዳቱን ደግሜ ሳገኘው በአንድ እግር መቆም እንዲለማመድ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ፋዘር፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ በአንድ እግር አይደል እንዴ የምቆመው!» እውነቱን ነው፤ ግን እጁ ሁልጊዜ ጣሪያውን ጨብጧል፤ ሚዛኑን የሚጠብቅለት እጁ እንጂ እግሩ አይደለም። «ቤት ስገባማ» አለ፣ «መተኛት እንጂ መቆም ማን ያምረዋል?»

እርስዎም ወለም ካለዎት፣ ረግጠው አራት እርምጃ መሄድ ካቃተዎት ከመታሸትዎ በፊት ራጅ ይነሱ። አጥንቱ ደህና ከሆነና እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ግን ጥርስዎን ሲቦርሹ ግድግዳ አጠገብ በዚያው እግር ይቁሙ፤ ሲለምዱት ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሕመሙ ጠፋ ብለው አይተዉት።