ስለ ቡአ ሕመምና በመረብ ስለሚደረገው ሕክምና

ቡአ የሚባለው ሕመም በባላገሩም በከተሜውም ቤት አለ፤ ነገር ግን ስሙን ደፍሮ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። በአጅባር ደጋ የሚያርሰውና ነዶ የሚሸከመው ወንድ ብሽሽቱ አብጦ ሲያገኘው መቀነቱን አጥብቆ ያስራል እንጂ ለሚስቱ እንኳ አይነግርም። እብጠቱ ጋደም ሲል ስለሚገባለት «ተሻለኝ» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ቤተ ሰቡ ነገሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሰውየው በቃሬዛ ሲወጣ ነው።

የሆድ ዕቃን የሚይዘው ሥጋ እንደ ግድግዳ ሲሆን፣ በብሽሽት በኩል በተፈጥሮ የሳሳ ሥፍራ አለው። ወደ ዘር ፍሬ የሚወርደው ጅማት የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ሕመሙ በወንዶች ይበዛል፤ ሴቶችንም አይምርም። ሥፍራው ሲሰፋ አንጀት ይወጣል። የወጣው አንጀት ታንቆ መመለስ ያቃተው እንደሆነ ግን ደም አይደርሰውምና በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። እብጠቱ ጠጥሮ ሲያም፣ ትውከት ሲከተልና ሆድ ሲነፋ «እስከ ነገ እንይ» ማለት አይገባም፤ በእጅ ጨቁኖ ለመመለስ መታገልም ጉዳት ነው። ከአጅባር ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ በክረምት የሄደበት ሰው የእነዚያን ሰዓታት ዋጋ ያውቃል።

ዶክተር ሄንሪ ብላንክ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም፣ ከአጅባር ብዙ በማይርቀው በመቅደላ አምባ እስከ 1860 ዓ.ም. ታስሮ በነበረበት ዘመን፣ ቡአን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያድን ቀዶ ሕክምና በአውሮፓም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የሳሳውን ሥጋ እየሳበ የሚሰፋበትን ዘዴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. አሳተመ። ይህ ዘዴ ብዙ ሰው አድኗል፤ ጉድለቱን ግን የባና ባለቤት ሁሉ ይረዳዋል። ያረጀ ባና ሲቀደድ ጫፍና ጫፉን ስበው ቢሰፉት በስፌቱ አጠገብ መልሶ ይተረተራል፤ እራፊ ቢያደርጉበት ግን ይቆያል። መረቡም እራፊው ነው። አሸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከፕላስቲክ ክር የተሠራውን መረብ በ1958 አስተዋወቀ፤ ሊክተንስታይንና ባልደረቦቹ ደግሞ ሥጋውን ሳይስቡ መረቡን ማልበስ እንደሚበቃ በ1989 አስረዱ። በመረቡ ቀዳዳዎች ሥጋ ይበቅልና ግድግዳው ይጸናል። ሥራው ሥፍራውን ብቻ በማደንዘዝ ሊፈጸም ይችላል።

የፋብሪካው መረብ ለድኻ አገር ውድ ነው። ስለዚህ በኡጋንዳ 302 ወንዶች በሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ በፋብሪካው መረብ፣ እኩሌቶቹ ከአጎበር ጨርቅ በተቆረጠ መረብ ታከሙ። በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ከዓመት በኋላ ቡአው የተመለሰበት ከአጎበሩ ወገን አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ከሌላው ወገን ማንም አልነበረም። ይህን አንብቦ የአልጋውን አጎበር ጠቅልሎ ወደ ሐኪም የሚሄድ እንዳይኖር እንለምናለን! ያኛው ጨርቅ የትንኝ መድኃኒት ያልተነከረና ከጀርም የነጻ ነበረ።

መረብ ለሁሉም አይደረግም። ሕፃናት ያለ መረብ ይድናሉ፤ አንጀቱ ታንቆ ለበሰበሰበትም ሰው ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ዘግይቶ የመጣው ሰው የተሻለውን ሕክምና የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። መረብ ከገባላቸውም መካከል በብሽሽታቸው ሕመም የሚቆይባቸው አሉ፤ ይህም አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ተነሥቶ ይራመዳል፤ ከባድ ሸክም ግን ለጥቂት ሳምንታት ይከለከላል። እብጠቱ ገና ለስላሳ ሳለ ቀን መምረጥ ይቻላልና፣ ለደጋው ገበሬ የሚመቸው ውቂያው አልቆ የበልጉ እርሻ ሳይጀመር ነው። ሞፈሩን ማን እንደሚይዝ፣ ውሃውንና እንጨቱን ማን እንደሚያመጣ ባልና ሚስት ከዚያ በፊት ተቀምጠው ይነጋገሩበት።