ከአንጀት ቀዶ ጥገና በኋላ ትኩሳት፦ አልትራሳውንድ ምን ያሳያል?

ቢቸናና ሞጣ አካባቢ አንጀት መታጠፍ የተለመደ ነው፤ ትርፍ አንጀትም አለ። ሴቶች ከቀዶ ጥገና በኋላ ቤት ገብተው ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሰገራ ሰገራ ማለት ሲጀምራቸው "ብርድ ነው" ይባላሉ። ሁልጊዜ ብርድ አይደለም!

የተሰፋው አንጀት ካፈሰሰ ወይም ኢንፌክሽን ካለ መግሉ ወደ ታች ወርዶ ከማህፀን ጀርባ ይጠራቀማል። ሆድ ሲዳሰስ ላይገኝ ይችላል፤ አልትራሳውንድ ግን ብዙ ጊዜ ያሳየዋል። ጨረር የለውም፣ ለምታጠባ እናትም ችግር የለውም። ፊኛ ሽንት ሲሞላ ጥሩ ስለሚታይ ሽንት ሳትሸኑ ግቡ።

ግን የአንጀት ጋዝ ምስሉን ይጋርዳል። "ምንም የለም" ተብላችሁ ትኩሳቱ ከቀጠለ ወደ ቀዶ ሐኪማችሁ ተመለሱ፤ ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል። ሆድ ከተነፋ ወይም ካስመለሳችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ።