ሕመሙ ቢቆምም ቀጠሮው አላበቃም

በሮቤም ሆነ በጎባ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ጎዝ ነክሶ፣ የቀጠሮ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ጎዙን እንደምንም ይታገሠዋል፤ ወረቀቱን ግን ሕመሙ በቆመ ማግስት ይረሳዋል። ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ላወራዎት የፈለግሁት ስለዚያ ወረቀት ነው።

ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱን ደም ይሞላውና ይረጋል፤ የረጋው ደምም ከሥሩ ላለው አጥንትና ነርቭ ክዳን ይሆናል። ሐኪሙ “አይትፉ፣ አያጭሱ፣ በስትሮ አይጠጡ” የሚለው ይህ ክዳን እንዳይነሣ ነው። ጎዙን ለ30 ደቂቃ ያህል አጥብቀው ይንከሱ፤ ደሙ ቆሞ እንደሆነ ለማየት በየደቂቃው ማውጣት የጀመረውን መርጋት ያፈርሳል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መጉመጥመጥ የለም። በማግስቱ ግን በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ቀስ ብለው አፍዎን ያለቅልቁ። ለዚያች ቀን ትኩስ ቡናም ይቅር (በባሌ ብርድ ይህ ቀላል ትእዛዝ እንዳልሆነ አውቃለሁ)። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ አረቄ ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ።

ክዳኑ ከተነሣ ሕመሙ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ብሶ ይመለሳል፤ ወደ ጆሮም ይወጣል። ብዙዎች “ሐኪሙ አበላሸኝ” ብለው ማስታገሻ እየገዙ ይቀመጣሉ። ተመልሰው ቢሄዱ ግን ጉድጓዱ ታጥቦ መድኃኒት ይደረግበትና ይቀልላቸው ነበር።

የጥርስ ሥር ሕክምና የጀመረ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይታለላል። ነርቩ ስለወጣ አያመውም፤ ጊዜያዊው ሙሌት ግን በሳምንታት ውስጥ ይሸረሸርና ጀርም ያስገባል። “ተጸልዮልኝ ተሻለኝ” ብለው ቀጠሮውን የተዉ ወገኖች አሉ። ጸሎቱን አልነቅፍም፤ መዳንዎን ሐኪሙም አይቶ ቢያረጋግጥ ምን ይጎዳል?

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ከአገጭ ሥር እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸው ይህ የአንገት ኢንፌክሽን የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ይገድላል።

“መመለሻው ሩቅ ነው” የሚሉም እውነት አላቸው። ከደሎ መና ጎባ ለመድረስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴ አምባ መሻገር ይጠይቃል፤ መሳፈሪያውም፣ የሚባክነው የሥራ ቀንም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሐኪሙ ወንበር ሳይነሡ ከየት እንደመጡ ይንገሩት። ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ? የሚወጣ ከሆነስ በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ሊያወጣልዎ ይችላል? ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ፣ ይህን ከመነቀሉ በፊት ይናገሩ። ሮቤና ጎባ የምትኖሩ ምእመናንም ከሩቅ ለመጣ ታካሚ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ብትሰጡ፣ ደሙ በትክክል መቆሙን አይቶ በማግስቱ ይሳፈራል።