ጤነኛ ቅጠል ውስጥ የከተሙ ፈንገሶች

የቅጠል ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ዋግ ነው፤ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ፣ የጠወለገ ጠርዝ። ነገር ግን እንከን የማይወጣለት አረንጓዴ ቅጠልም ውስጡ ፈንገስ አያጣም። ኢንዶፋይት የሚባሉት እነዚህ ፈንገሶች የበሽታ ምልክት ሳያሳዩ ቅጠሉ ውስጥ ይኖራሉ።

መኖራቸውን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ቅጠሉ በአልኮልና በበረኪና ሲታጠብ ላዩ ላይ ያረፈው ይሞታል። ከዚያ በጥቃቅኑ ተቆራርጦ ፈንገስ የሚመገበው ነገር ባለበት ሳህን ላይ ይቀመጣል። ከቀናት በኋላ ከተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ወይም ግራጫ ድር ብቅ ካለ፣ የመጣው ከውስጥ ነው።

ኤልዛቤት አርኖልድና ባልደረቦቿ በፓናማ ደን ከሁለት የዛፍ ዝርያዎች 83 ቅጠሎች ወስደው እንዲህ መረመሩ። ውጤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ታተመ፦ ፈንገስ ያልተገኘበት ቅጠል አንድም አልነበረም፤ በመልካቸው የተለዩት ዓይነቶችም 418 ደረሱ። አብዛኞቹ የተገኙት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለው ሞቃታማ ደን አዲስ ቅጠል ሲፈለቀቅ ከፈንገስ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ቆይቶ ግን በአየርና በዝናብ የሚመጣው ስፖር የተባለ የፈንገስ ዘር ይገባበታል።

ታዲያ ለዛፉ ምን ይጠቅሙታል? በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የካካዎ ጥናት፣ ኢንዶፋይት የገባባቸው ቅጠሎች ፋይቶፍቶራ የተባለው በሽታ አምጪ ሲለቀቅባቸው ካልገባባቸው ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው። በካናዳ ደግሞ ስፕሩስ በተባለው ዛፍ መርፌ መሰል ቅጠል ውስጥ የሚኖር አንድ ፈንገስ ሩጉሎሲን የተባለ መርዝ ያመርታል፤ መርዙም እንቡጥ የሚበላውን አባጨጓሬ እድገት ይገታል። የደን ልማት ባለሙያዎች ይህን ፈንገስ ችግኞች ላይ ሆን ብለው እስከ መከተብ ደርሰዋል።

ሁሉም እንዲህ ጠባቂ ነው ማለት ግን አይደለም። ዳግላስ ፈር በተባለው ዛፍ ቅጠል የሚገባ አንዱ ዓይነት ለዓመታት በአንድ ህዋስ ተወስኖ ይቀመጥና ቅጠሉ ማርጀት ሲጀምር ይስፋፋል። ከሁሉ የከፋው ምሳሌ የአሽ ዛፍ ነው። በምሥራቅ እስያ አሽ ቅጠል ውስጥ ብዙም ሳይጎዳ የሚኖር ፈንገስ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ፣ መጀመሪያ ፖላንድ ውስጥ፣ የአህጉሩን አሽ ዛፎች ማድረቅ ያዘ። ስለዚህ አንድን ፈንገስ የትኛው ዛፍ ላይ፣ በምን ጊዜ እንደሆነ ሳይጠይቁ ወዳጅ ወይም ጠላት ማለት አያዋጣም።

ጉዳዩ ለቡናም ቅርብ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የቡና ኢንዶፋይት ጥናት ናሙናዎቹን የሰበሰበው ከኮሎምቢያ፣ ከሃዋይ፣ ከሜክሲኮና ከፖርቶ ሪኮ ነበር። አራቱም ቡና በሰው እጅ የደረሰባቸው ቦታዎች ናቸው። ቡና በዱር የሚበቅልባቸውን የከፋንና የያዩን ደኖች የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ዛፉን ሲቆጥሩ የቅጠሉን ውስጥ አይርሱ።